ሠላሳ በመቶ

ስልኬ ጮኸች ዛሬም ገና በማለዳ፣
መቀሱ በእጄ፣ ጨርቅ ልቆርጥ ስሰናዳ።
"አቶ ረመዳን ነዎት? ከድርጅቱ ነበር፣
ስለዚያ ካሳዎ እንድንነጋገር።"

ነገርኳቸው በመጋቢት፣ ነገርኳቸው በግንቦት፣
"ትቼዋለሁ ልጆቼ፣ ጉዳዩን ዝጉት።"
"እሺ አባቴ" ይላሉ፣ ድምፃቸው የማር ወለላ፣
ማግስቱን ይደውላል፣ በሌላ ቁጥር ሌላ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
አምና በሸዋ በር ለአፍጥር ስቸኩል፣
ቴምሬ በፌስታል፣ በብብቴ የክር ጥቅል፣
አንድ ባጃጅ መጣ፣ መብራት የሌለው፣
ጉልበቴን አገኘው፤ ቴምሩን በተነው።
ሰው ከቦኝ ሲጯጯህ፣ ካስፋልቱ ሳልነሳ፣
አንዱ ካርድ ሰጠኝ፣ "አለዎት" አለ "ካሳ፤
ኢንሹራንሱን እኛ እናሳድዳለን፣
ከተገኘው ብቻ ሠላሳ በመቶ እንወስዳለን።"
ፈረምኩ። ጣቴ ላይ አቧራና ደም ነበር፤
ሰው መሬት ተጋድሞ አንቀጽ አይመረምር።

ሠላሳ በመቶ!
እኔ ከአንድ ሱሪ ይህን ያህል አላተርፍ፣
እነሱ ከጉልበቴ፣ ያለ መርፌ፣ ያለ ጥልፍ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ የባለባጃጁ እናት፣
አያንቱ፣ ኤረር በር ማንጎ የምትሸጥ ናት፣
መጣች። አላለቀሰች፣ አልለመነች፣
ከወንበሬ ግርጌ ቅርጫት አስቀመጠች።
"ባጃጁ የሰው ነው፣ የወንድሙ ነው መንጃ ፈቃዱ፤
ነገሩ ከተገፋ እስር ቤት ነው የኢብሳ መንገዱ።"
ሽማግሌ አልተቀመጠም። እኔም አልመከርኩ፤
አንዱን ማንጎ ላጥኩ፣ ግማሹን ሰጠኋት፣ በላሁ፣ ተውኩ።

ደግ አትበሉኝ ግን፤ ደክሞኝም ነው እውነቱ፣
ወደ ድሬ ምልልሱ፣ ጉርድ ፎቶው፣ ማኅተሙ፣ ሰዓቱ፤
ደግሞም ጉልበቴ ድኖ ነበር ከሞላ ጎደል፣
ፔዳል እረግጣለሁ፤ ደረጃ ነው የሚያቃጥል።

ለኔ ያለቀው ነገር ለነሱ አላለቀም፣
"አንቀጽ ሰባት" ይላል አንዱ፣ "ደንበኛው ቢተውም
የአገልግሎት ይከፍላል አራት ሺህ ስድስት መቶ።"
ሌላው ይመጣል ደግሞ ይቅርታውን አብዝቶ፣
"እንደገና ይክፈቱት፣ እናስጨርስልዎ!"
አንዱ "አባባ"፣ አንዱ "ወንድም"፣ አንዱ "እንዴት አደሩ እርስዎ?"
ሐኪሜ እንኳ ጉልበቴን እንዲህ አልጠየቀም፣
ልጆቼ ዒድ ካልሆነ ይህን ያህል አይደውሉም።

በሰኔ መጨረሻ አንዱ በአካል መጣ፣
በመኪና ግርግር ቁልቁል፣ ላቡ ግንባሩ ላይ የወጣ።
"ዘርይሁን እባላለሁ"፤ ፋይሉ በብብቱ፣
ሱሪው ግን ከኋላ ተተርትሯል ስፌቱ።
ሳያውቅ ነው የወረደው ከፈረስ መጋላ ድረስ፣
ሰፊው ሁሉ አይቶታል፣ ስፒል ነክሶ ሳቁን ሲመልስ።
"አንቀጽ ሰባት..." ሲል "ቁጭ በል" አልኩት፣ "አውልቀው"፤
ሽርጥ አቀበልኩት፤ ፋይሉን ጭኑ ላይ ዘረጋው።

በሰው ሽርጥ የተቀመጠ ማስፈራራት አይችልም።
አወራኝ፦ ደሞዝ የለው፣ ኮሚሽን ነው፣ ያውም
ከሠላሳው ሁለት። ሳቢያን ቤት ኪራይ፣ ልጁ ጥርስ ሊያበቅል፤
"እኔ ብተው" አለኝ፣ "ሌላ ሰው ነው የሚደውል።"

ሰፋሁለት። ድርብ ስፌት፣ ጥቁር ክር።
"ስንት ነው?" አለ።
"ከሱሪው ሠላሳ በመቶ"፤ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ማፈር።
ሒሳብ አልተቀበልኩም። "ጻፍ" አልኩት፣ "ሰውየው የለም፣
ወይ ሞቷል በል።"
"ለሞተማ ወራሽ ይፈለጋል" አለኝ፣ "አይቀርም።"

ይኸው እንግዲህ ዛሬ፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ሴት፣
"ስለ መኪና አደጋው..."
"አዎ እህቴ፣ መኪናው እዚሁ አለ" አልኳት፤
ስልኩን ከስፌት መኪናዬ ሥር አጋድሜ
ፔዳሉን ረገጥኩት።
ግር ግር ግር፣ ግር ግር።
የኢብሳ ሱሪ ነው፣ ለሰርጉ፣ በዱቤ።

ስትሰማ ቆየች። አልዘጋችም።
ክሩ ሲያልቅ ጸጥ አለ፤
ከወዲያ በቀስታ፣
"እናቴም ሲንጀር ነበራት" አለች።
ጠበቅኳት።
"አቶ ረመዳን፣
ነገስ ስንት ሰዓት ይመችዎታል?"